የአሮጌው ኮምፒዩተር ደብዳቤዎች ርክክብ

(በማኅበራችን ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር)




እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ አሮጌ ኢሜይሎችንና የመልእክት መቀበያና መላኪያ ሴቲንጎችን ወደ አዲስ ኮምፒዩተር ስለ ማዛወር ነው። ርእሱ ሲነገር ከባልደረቦቼ አንዳንዶቹ ፈገግ ማለታቸው አልቀረም። የመንገድ፣ የድልድይና የውኃ ሥራ ገና ብዙ በሚጠብቀን በደቡብ ኦሞ ተቀምጦ ስለ ኢሜይል መናገር የቅንጦት ወሬ መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ እኔ ጉዳዩን ያወቅሁት ከቆመ የውኃ ጉድጓድ አጠገብ ስለሆነ፣ ነገሬን ከዚያው ብጀምር ይሻላል።

ከዲመካ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ቀበሌ የአንድ ጥልቅ ጉድጓድ ፓምፕ ተቃጠለ። ዲመካ የሐመር ወረዳ ዋና ከተማ መሆኗን፣ በአካባቢውም ያሉት ወንዞች አብዛኞቹ በበጋ አሸዋ ብቻ ሆነው እንደሚቀሩ ለዚህ ጉባኤ መንገር አያስፈልግም። ጉድጓዱ ሲቆም ሴቶቹ የወንዙን አሸዋ እየጫሩ ውኃ ወደ መቅዳት ይመለሳሉ። የተቃጠለውን ፓምፕ በሌላ ለመተካት ደግሞ የሞተሩን ጉልበት ማወቅ ብቻ አይበቃም። ውኃው ከመሬት ወለል ስንት ሜትር ዝቅ ብሎ እንደሚቆም፣ ፓምፑ ሲሠራ እስከ ስንት ሜትር እንደሚወርድ፣ ኬዚንጉ ምን ያህል ስፋት እንዳለው፣ ማጣሪያው ከየት እስከ የት እንደ ተቀመጠ፣ በሙከራው ጊዜ ጉድጓዱ በሰከንድ ስንት ሊትር እንደ ሰጠ መታወቅ አለበት። እነዚህ ቁጥሮች የሚገኙት ቁፋሮው ሲያልቅ ከሚዘጋጀው የጉድጓድ ማጠናቀቂያ ሪፖርት ነው። ያለ እነርሱ የተመረጠ ፓምፕ ወይ ውኃውን ከታንከሩ አያደርሰውም፣ ወይም ጉድጓዱ ከሚሰጠው በላይ እየሳበ በመጨረሻ ያለ ውኃ ሲሽከረከር እንደ ፊተኛው ይቃጠላል። እንደገና እንለካ ቢባል ክሬን ያለው መኪና፣ የሙከራ ፓምፕ፣ ጄኔሬተርና ነዳጅ እስከ ቦታው ድረስ ማጓጓዝ ግድ ነው።

ሪፖርቱ በመዝገብ ቤት አልተገኘም። ወደ ጽሕፈት ቤቱ የመጣው በኢሜይል ዓባሪ ሆኖ ነበር። ኢሜይሉን የተቀበለው ባለሙያ ወደ ሌላ ዞን ተዛውሯል፤ ይሠራበት የነበረው ኮምፒዩተርም በአዲስ ተተክቶ በንብረት ክፍል ከተሰበሩ ወንበሮች ጋር ተቆልሏል። የርክክቡን ሰነድ አገላብጬ አይቼዋለሁ። ሲፒዩ አንድ፣ ሞኒተር አንድ፣ ኪቦርድ አንድ፣ ማውዝ አንድ ይላል፤ የሲፒዩው መለያ ቁጥር ሳይቀር አንድም ሳይዛነፍ ተጽፏል። በውስጡ ስላለው የብዙ ዓመት ደብዳቤ ግን አንድ ቃል የለም። ጽሕፈት ቤቱ የትኛው እንደ ሆነ መናገር አያስፈልገኝም፤ በዚህ አዳራሽ የተቀመጥነው ብዙዎቻችን የፈረምንበት የርክክብ ሰነድ ከዚህ የተለየ አይመስለኝምና።

እንግዲህ የምለው ይህ ነው፦ ኢሜይልን ከአሮጌ ወደ አዲስ ኮምፒዩተር ማዛወር የመዝገብ ቤት ርክክብ ነው። የኮምፒዩተር ጥገና ነው ተብሎ ለአንድ ፈጣን ወጣት የግማሽ ቀን ሥራ ሆኖ የሚተው ጉዳይ አይደለም። የወረቀት ደብዳቤ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት በገቢ መዝገብ ይገባል፣ ለኀላፊው ቀርቦ ይመራል፣ ከፋይሉ ይታሰራል፤ ግልባጭ የተደረገላቸውም ቅጂ ይይዛሉ። ስለሆነም አንዱ ቢጠፋ ከሦስት ቦታ ይፈለጋል። ኢሜይል በዚህ በር አያልፍም። ሆኖም በሕግ ዓይን ከወረቀቱ ያነሰ አይደለም፤ የኤሌክትሮኒክ ግብይት ዐዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክት ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥቷል።

በእኛ አካባቢ ነገሩን የሚያከብደው ሌላም ምክንያት አለ። ቀድሞ የጠፋ ደብዳቤ ከላኪው ይጠየቅ ነበር። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት ግን፣ ሐዋሳ ላይ ይሠራ የነበረው የቢሮ ሥራ ወደ ወላይታ ሶዶ፣ ወደ አርባ ምንጭ፣ ወደ ጂንካና ወደ ሌሎች ከተሞች ተከፋፈለ። ከዚያ በፊት የተጻፈን ደብዳቤ ዛሬ ከላኪው ለመጠየቅ በመጀመሪያ ላኪው ማን ሆኖ እንደ ቀጠለ ማጣራት ያስፈልጋል። በወረዳ የተቀመጠው የተቀባዩ ቅጂ ብቸኛው ቅጂ ሊሆን የሚችልበት ጊዜ መጥቷል ማለት ነው።

ደብዳቤዎቹ ስለ ምን በአንድ ማሽን ውስጥ ብቻ እንደ ቀሩ ለመረዳት ጥቂት ወደ ኋላ መመለስ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ የሚገኘው የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን፣ ፓዲስ በተባለው ክፍሉ አማካይነት፣ ፊዶኔት በሚባል ዘዴ የኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ ያስተላልፍ ነበር። ደብዳቤዎቹ በአንድ ኮምፒዩተር ይጠራቀሙና በስልክ ጥሪ አንድ ላይ ተጭነው ይሄዱ ነበር። የኢንተርኔት አገልግሎት በአገራችን እ.ኤ.አ. በ1997 ከተጀመረ በኋላም ግንኙነቱ በስልክ መሥመር እየተደወለ ስለነበር ደቂቃው ይቆጠር ነበር። በነጻ የሚሰጠው የሆትሜይል ሣጥን ስፋት 2 ሜጋባይት ብቻ ነበር፤ ጂሜይል 1 ጊጋባይት ይዞ የመጣው እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2004 ነው። በዚያ ዘመን ብልህ የሆነ ሰው ደብዳቤውን ፈጥኖ ወደ ራሱ ኮምፒዩተር አውርዶ መሥመሩን ይዘጋ ነበር። ይህን የሚያደርገው ሥርዓት ፖፕ ይባላል።

የፖፕን አሠራር ለመረዳት እኛ ከሌላው ሕዝብ ይቀለናል፤ በአገራችን ደብዳቤ የሚደርሰን በየቤታችን ሳይሆን በፖስታ ሣጥን ቁጥር ነውና። ፖፕ ማለት ሣጥኑን ከፍቶ ያለውን ሁሉ ወደ ቤት መውሰድ ነው፤ ሣጥኑ ባዶ ይቀራል፤ ከዚያ በኋላ ደብዳቤው ያለው በቤት ውስጥ ብቻ ነው። አይማፕ የሚባለውና እ.ኤ.አ. በ1986 በስታንፎርድ ማርክ ክሪስፒን የጀመረው ሥርዓት ደግሞ ደብዳቤውን እዚያው ከሣጥኑ ትቶ ማንበብን ይመስላል፤ ከየትኛውም ኮምፒዩተር ቢሄዱ ያው ደብዳቤ ይገኛል። ብዙዎቹ ጽሕፈት ቤቶቻችን ፖፕን የመረጡት በስንፍና አልነበረም። ምርጫው ለዘመኑ ትክክል ነበር፤ ዘመኑ ሲለወጥ ግን ሴቲንጉን የነካው ሰው አልነበረም። በዚህ ምክንያት ከዲመካው ማሽን ውጭ የትም የማይገኙ ደብዳቤዎች ተጠራቀሙ።

አሁን ወደ ሥራው ልግባ። አሮጌውን ማሽን አቧራውን አራግፈን አስነሣነው። መጀመሪያ ያደረግነው ከኢንተርኔት እንዳይገናኝ የኔትወርክ ገመዱን መንቀል ነው። ፖፕ የተሞላባቸው ሁለት ማሽኖች በአንድነት ቢሠሩ፣ የሚመጣው ደብዳቤ ቀድሞ ወደ ደረሰው ገብቶ ከሣጥኑ ሊጠፋ፣ ከሁለትም ሊከፈል ይችላል። ከዚያ በኋላ አውትሉክን ሳንከፍት ፋይሉን ፈለግን። አውትሉክ ደብዳቤዎቹን፣ አድራሻዎቹንና የቀጠሮ መዝገቡን በአንድ ትልቅ ፋይል ያስቀምጣል፤ የስሙ መጨረሻ ፒ.ኤስ.ቲ. ነው። መጨረሻው ኦ.ኤስ.ቲ. የሆነ ሌላ ፋይል ብታገኙ ያ በሰርቨር ያለው የሣጥን ጊዜያዊ ጥላ ነው፤ እርሱን ገልብጦ አዲስ ኮምፒዩተር ላይ መክፈት አይሆንም። በአውትሉክ 2010ና ከዚያ ወዲህ በመጡት ፋይሉ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በሰነዶች ፎልደር ሥር ነው፤ ከዚያ በፊት በነበሩት ግን በተደበቀ ፎልደር ውስጥ ስለሆነ፣ ሰነዶቹን ብቻ ገልብጦ ጨረስሁ የሚል ሰው ደብዳቤዎቹን ትቷቸው ይሄዳል።

የእኛ ፋይል 6 ጊጋባይት ያህል ነበር። በቂ ባዶ ቦታ ባለው ፍላሽ ልንገለብጠው ስንል ፋይሉ ከመጠን በላይ ትልቅ ነው የሚል መልስ ተሰጠን። ይህ ብዙ ሰው ፍላሹን እንዲጥል የሚያደርግ ነገር ነው፤ ሆኖም ፍላሹ ጉድለት የለበትም። ፋት 32 በተባለው አሠራር የተዘጋጀ ፍላሽ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋባይት ካለፈ አይቀበልም። ኤንቲኤፍኤስ ወይም ኤክስፋት በተባለው እንደገና ቢዘጋጅ ይቀበላል፤ በዚህ ጊዜ በፍላሹ ላይ የነበረው ሁሉ እንደሚሰረዝ ማስታወስ ነው። ሁለት ቅጂ አድርገን፣ የፋይሉን መጠን በባይት ከአሮጌው ጋር አመሳክረን፣ አንዱን ቅጂ ማንም እንዳይነካው ቆለፍንበት። ፋይሉ የተጎዳ ከሆነ ማይክሮሶፍት ለዚሁ ያዘጋጀው የመጠገኛ ፕሮግራም አለ፤ ጥገናው ግን በቅጂው ላይ እንጂ በዋናው ላይ መካሄድ የለበትም።

በአዲሱ ኮምፒዩተር ፋይሉን ከራሱ ከሃርድ ዲስኩ ላይ አስቀምጠን በአውትሉክ ከፈትነው። አዲሱ አውትሉክ የሚባለው ፕሮግራም እንዲህ ያሉትን ፋይሎች እንደ ፊተኛው አሟልቶ ስለማያስተናግድ የፊተኛውን መርጠናል። ደብዳቤዎቹ ወጡ። የቀበሌውን ስም ጽፈን ብንፈልግ ግን ምንም አልመጣም። አንደኛው ምክንያት የፍለጋው መዝገብ ከፋይሉ ጋር አለመጓዙ ነው፤ አዲሱ ማሽን ይህን ያህል ደብዳቤ አንብቦ የራሱን መዝገብ እስኪያዘጋጅ ሰዓታት ይወስድበታል፤ እስከዚያ ድረስ የለም ቢል ሊታመን አይገባውም። ሁለተኛው ምክንያት የኛው ነው። የሐመርን የቦታ ስሞች በላቲን ፊደል ስንጽፍ አንድ ወጥ አጻጻፍ የለንም፤ ዲመካ ራሷ ቢያንስ በሦስት ዓይነት ተጽፋ አይቻለሁ። ሪፖርቱ የተገኘው በማግስቱ ዓባሪ ያላቸውን ደብዳቤዎች ብቻ ለይተን አንድ በአንድ ስናይ ነው። የደብዳቤው ርእሰ ጉዳይ ባዶ ነበር። ፓምፑ የታዘዘው ከዚያ ሪፖርት ላይ በተገኙት ቁጥሮች ነው።

ሴቲንጉ ከደብዳቤው ተለይቶ የሚታይ ነው። ከፋይሉ ጋር አብሮ የመጣ መስሎት ብዙ ሰው ይሳሳታል። የአካውንቱ ስም፣ የገቢና የወጪ ሰርቨሩ ስም፣ የበሩ ቁጥርና የይለፍ ቃሉ በዊንዶውስ ውስጥ ሌላ ቦታ ነው የሚቀመጡት፤ ስለዚህ አሮጌው ማሽን ከመዘጋቱ በፊት ከፊቱ ተቀምጦ በወረቀት መገልበጥ ይገባል። በአሮጌዎቹ ማሽኖች የፖፕ በር 110፣ የመላኪያው 25 ሆኖ ይገኛል፤ እነዚህ ያለ ምስጢራዊ ጥበቃ የሚሠሩ ስለሆኑ እንዳሉ መገልበጥ አይበጅም። ዛሬ ለፖፕ 995፣ ለአይማፕ 993፣ ለመላኪያ 587 ወይም 465 ይሞላል። ከዚህም ሁሉ በኋላ ፕሮግራሙ ትክክለኛውን የይለፍ ቃል ተቀብሎ ሊከለክል ይችላል። ጉግል ከግንቦት 22 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ማይክሮሶፍትም ለግል የአውትሉክ አድራሻዎች ከመስከረም 6 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ፣ በስምና በይለፍ ቃል ብቻ የሚገባን አሮጌ ፕሮግራም አይቀበሉም። እንዲህ ሲሆን የይለፍ ቃሉን ደጋግሞ መቀየር ከንቱ ድካም ነው፤ አዲሱን የአገባብ ዘዴ የሚያውቅ ፕሮግራም መጠቀም ያሻል።

አዲሱ ዘዴ ደግሞ ወደ ሰው አመጣን። አድራሻው የተከፈተው በባለሙያው የግል ስም ነበር፤ የማረጋገጫ ቁጥሩም የሚላከው ወደ እርሱ ስልክ ነው። ደወልንለት። በዕድሜ ስለሚበልጠኝ፣ «ጋሼ፣ አሁን ባለ ስድስት አኀዝ ቁጥር ይደርስዎታል፤ እባክዎ ያንብቡልን» አልሁት። ያለ ምንም ቅሬታ አነበበልን። ቀጥሎም፣ «ልጄ፣ እዚያ ውስጥ የኔም ጉዳይ እንዳለ ታውቃለህ?» አለኝ። አላወቅሁም ነበር ማለት አይቻልም፤ ፋይሉን በከፈትነው ጊዜ ከጨረታ ሰነድና ከፓምፕ ዋጋ ማቅረቢያ መካከል የሕክምና ውጤትና የቤተሰብ ደብዳቤ ተቀላቅሎ አይተናል።

በዚህ ነጥብ ላይ ከአንዳንድ ባልደረቦቼ ጋር አልተስማማሁም። በመንግሥት ኮምፒዩተር ላይ የተገኘ ሁሉ የመንግሥት ነው የሚል ክርክር ቀርቦ ነበር። እኔ አልቀበለውም። ሰውየው በግል አድራሻው የሠራው ጽሕፈት ቤቱ የራሱ አድራሻ ስላላዘጋጀለት ነው፤ የመሥሪያ ቤቱ ጉድለት የእርሱን ምስጢር ሊያስነጥቀው አይገባም። የግል መረጃ ጥበቃ ዐዋጅ ቁጥር 1321/2016ም ከወጣ ወዲህ ጉዳዩ የጨዋነት ብቻ መሆኑ ቀርቷል። የተስማማንበት መንገድ ይህ ነበር፦ ባለሙያው ለሌላ ጉዳይ ወደ ጂንካ በመጣበት ቀን ከኮምፒዩተሩ ፊት ተቀምጦ የራሱን ደብዳቤዎች ለይቶ ወሰደ፤ የቀረው ወደ ጽሕፈት ቤቱ ማኅደር ገባ፤ ሁለቱም ወገኖች ፈረሙ። ግማሽ ቀን ፈጀ። ከዚህ የሚያንስ ጊዜ የሚጠይቅ መንገድ ቢኖር ባልጠላሁ፤ ሆኖም አላገኘሁም።

ለወደፊቱ ሁሉንም በሰርቨር እንተወው የሚሉ አሉ። አዲስ ለሚመጣው ደብዳቤ እኔም አይማፕን እመርጣለሁ። ነገር ግን በሰርቨር ያለ ሣጥን ማኅደር አይደለም፤ ከአንዱ ማሽን የተሰረዘ ከሁሉም ይሰረዛል። ጉግል ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተን የግል አካውንት ሊሰርዝ እንደሚችል አስታውቆ ከኅዳር 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ አውሎታል፤ በያሁ ደግሞ 12 ወር ያልተከፈተ ሣጥን ይዘቱ ይጠፋል። በጡረታ ወይም በዝውውር የሄደ ሰው አድራሻ ምን ያህል ዕድሜ እንዳለው ከዚህ ማስላት ይቻላል። አሮጌዎቹን ከዲመካ ወደ ሰርቨር እንስቀላቸው ቢባልም ሒሳቡ አያበረታታም። 6 ጊጋባይት በሰከንድ 512 ኪሎቢት በሚያስተላልፍ መሥመር ሲላክ፣ አንድ ጊዜም ሳይቋረጥ፣ 26 ሰዓት ይፈጃል። ዓባሪ ሲጓዝ ወደ ተራ ፊደል ተለውጦ በሢሶ ያህል ስለሚጨምር፣ ጭነቱ በአብዛኛው ዓባሪ ከሆነ ወደ 35 ሰዓት ይጠጋል። መብራቱም መሥመሩም ሳይቋረጡ ይህን ያህል የቆዩበትን ሳምንት ለማስታወስ ብሞክር አልተሳካልኝም። ስለዚህ አሮጌው በሁለት ሃርድ ዲስክ በሁለት የተለያዩ ሕንፃዎች ቢቀመጥ ይበጃል እላለሁ።

መብራት ካነሣሁ ዘንድ፣ የደብዳቤዎቹን ቀን በሚመለከት አንድ ነገር ልጨምር። የማዘርቦርዱ ትንሽ ባትሪ ያለቀበት ኮምፒዩተር መብራት በሄደ ቁጥር ቀኑን ወደ ኋላ ብዙ ዓመት ይመልሳል። ከእንዲህ ያለ ማሽን የተላከ ደብዳቤ የሚይዘው ያንኑ የተሳሳተ ቀን ነው፤ በቀን ተራ ሲደረደር ከሌላ ዘመን ደብዳቤ ጋር ይቀመጣል። የውል ወይም የክፍያ ክርክር በተነሣ ጊዜ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ደግነቱ ደብዳቤው ያለፈበት ሰርቨር ሁሉ የየራሱን ሰዓት በደብዳቤው ራስጌ ላይ ያትማል፤ የፖስታ ቤት ማኅተም ማለት ነው፤ እውነተኛው ቀን ከዚያ ይገኛል።

ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ስላቆመ በየመሥሪያ ቤቱ ኮምፒዩተር መቀየር መበርከቱ አይቀርም። የሚወጡት ማሽኖች በሐራጅ ከመሸጣቸው በፊት ሃርድ ዲስካቸው ይውጣ፤ ፋይልን መሰረዝ ከዲስኩ ላይ ማጥፋት አይደለምና። ለርክክቡ ሰነድም አንድ መሥመር እንዲጨመርበት ማኅበራችን ለየመሥሪያ ቤቱ ቢጽፍ መልካም ነው፦ የደብዳቤው ፋይል ስም፣ መጠኑ በባይት፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ደብዳቤ ቀን፣ ቅጂው የተቀመጠበት ቦታ።

በመጨረሻ ያስቸገረን ፊደሉ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል ወደ ዩኒኮድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ቢሆንም፣ ከዚያ በኋላ እንኳ ለብዙ ዓመታት በቪዥዋል ግዕዝ፣ በፓወር ግዕዝና በሌሎችም ስንጽፍ ኖረናል። እነዚህ የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የሚያለብሱ ስለነበሩ፣ ፎንቱ በሌለበት አዲስ ኮምፒዩተር ደብዳቤው የተዘበራረቀ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ይታያል። የሚያስገርመው፣ በውጭ የነበሩ ኢትዮጵያውያን በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሴራ በተባለው፣ ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያቆብ ባዘጋጁት ስልት፣ አማርኛን በተራ የላቲን ፊደል እየጻፉ የተላላኩት ደብዳቤ ዛሬም በማንኛውም ማሽን ይነበባል። ስለዚህ ከአሮጌው ኮምፒዩተር የፎንቶቹን ፎልደር ገልብጡ፤ ዋና ዋናዎቹን ደብዳቤዎችም ማሽኑ በሕይወት እያለ ወደ ፒ.ዲ.ኤፍ. አትሙ። እኛ እንዲህ አድርገን ከሦስት ዓባሪዎች በስተቀር ሁሉንም አንብበናል። ሦስቱ የተጻፉበት ፎንት በአሮጌው ማሽንም ላይ የለም፤ ከላኪው ጋር የቀረ ይመስላል። አንደኛው የመስመር ዝርጋታ ስምምነት መሆኑን ከሠንጠረዡ ለመገመት ችለናል። የሦስቱንም የመጀመሪያ ገጽ አትሜ ይዣለሁና፣ በ1990ዎቹ ዓ.ም. በተለያዩ ፎንቶች የሠራችሁ አባሎች ከሻይ ዕረፍቱ በፊት አንድ ጊዜ ብታዩልኝ እጅግ አመሰግናለሁ።